ሦስቱ በርሜሎች ለምን ተቀላቀሉ?

ጥያቄው፦ «አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ለ7ኛና ለ8ኛ ክፍል ጠቅላላ ሳይንስ አስተምራለሁ። የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተጠሪም ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር ከክበቡ ልጆች ጋር ሦስት በርሜል ቀለም ቀባን። ‹ወረቀት›፣ ‹ፕላስቲክ›፣ ‹የምግብ ትርፍራፊ› ብለን ጽፈን ግቢ ውስጥ አስቀመጥን። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሁሉም በርሜል ውስጥ ሁሉም ነገር ተገኘ። ልጆቹ ተስፋ ቆረጡ። ርዕሰ መምህሩም ‹ይሄ ነገር እኛ አገር አይሠራም› አሉ። በጀት የለንም። ከየት ልጀምር?»

ምላሽ፦

መምህርት፣ በመጀመሪያ ልጆቹን አይዟችሁ ይበሉልኝ። የተበላሸው የእነሱ ሥራ ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው። በርሜል መጨረሻ ላይ የሚመጣ ነገር ነው። ከእሱ በፊት ሁለት ጥያቄ መልስ ማግኘት አለበት። የተለየውን ነገር ማን ይወስደዋል? ከክፍል ተነስቶ እዚያ እስኪደርስ ድረስስ በማን እጅ ያልፋል?

«እኛ አገር አይሠራም» በሚለው ግን አልስማማም። ቆራሌው በየሰፈሩ እየዞረ ጠርሙስና ብረታ ብረት ሲገዛ ያላየ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። ልዋጭ የሚሉት አሮጌ ልብስ ወስደው ሳህንና ኩባያ ይሰጣሉ። መርካቶ ምናለሽ ተራ የገባ ጣሳና ቆርቆሮ ምድጃና ማንቆርቆሪያ ሆኖ ይወጣል። ባዶ ሃይላንድ በየቤቱ ለዘይት ይቀመጣል። ለዚህ ሁሉ ማንም በርሜል ቀለም አልቀባም። የሚሠራው በሌላኛው ጫፍ ዕቃውን የሚፈልግ ሰው ስላለ ነው። የእናንተ በርሜሎች ያጡት እሱን ነው።

አሁን የሆነውን ልገምት። ማታ ላይ የጽዳት ሠራተኛዋ መጣች። በእጇ ያለው አንድ ማዳበሪያ ነው። ሦስቱንም በርሜል እዚያው ውስጥ ገልብጣ ወደ ገንዳው ወሰደችው። ሌላ ምን ታድርግ? ለየብቻ ውሰጂ ያላትም፣ ለየብቻ የሚቀመጥበት ቦታ ያሳያትም የለም። በማግስቱ ወይም በሳምንቱ አንድ ልጅ ይህን ያያል። ለጓደኞቹ ይነግራል። ከዚያ በኋላ በሚኒ ሚዲያ የፈለገውን ያህል ቢለፈፍ ማንም አይለይም። ልጆች የሚሰሙትን ሳይሆን የሚያዩትን ነው የሚያምኑት።

ስለዚህ በርሜሎቹን ለጊዜው ያንሷቸውና ለአንድ ሳምንት መዝኑ። ሸራ አንጥፉ፣ ጓንት ይኑር፣ የምግብ ቤቱን ሚዛን ተዋሱ። በየቀኑ የወጣውን ቆሻሻ በየዓይነቱ ከምሩና ኪሎውን ጻፉ። የመጸዳጃ ቤት ቆሻሻን ልጆች በፍጹም አይንኩት። የተሰበረ መስታወት ካለ አዋቂ ያንሳው። ከኪሎው ጎን ስንት ማዳበሪያ እንደሞላም ይመዝገብ፤ ሁለቱ ቁጥሮች ለየቅል ናቸውና። ዓይን የሚሞላው ፕላስቲክ ነው፤ ሚዛን የሚደፋው ግን የምግብ ትርፍራፊና ከየክፍሉ የተጠረገው አፈር ነው። ባዶ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ከ10 እስከ 20 ግራም ቢመዝን ነው። አንድ ኪሎ ለመሙላት ከ50 እስከ 100 ጠርሙስ ያስፈልጋል። ልጆቹ ይህን በገዛ እጃቸው ሲያገኙት ወዴት ማተኮር እንዳለባቸው ራሳቸው ይነግሯችኋል።

በዚያው ሳምንት ከሁለት ሦስት ተማሪዎች ጋር ወደ ገዢዎቹ ይሂዱ። የሰፈሩ ቆራሌ፣ ጠርሙስና ካርቶን የሚሰበስብ ማኅበር፣ በኪሎ የሚገዛ መጋዘን፣ ማንም ይሁን። የሚጠየቀው ብዙ አይደለም። ምን ትገዛላችሁ? ከስንት ኪሎ ጀምሮ? ነጭ ወረቀትና ካርቶን አንድ ላይ ትቀበላላችሁ? ባለ ቀለም ጠርሙስስ? መጥታችሁ ትወስዳላችሁ ወይስ እናምጣ? በርሜሉ ላይ የሚጻፈው የዚህ መልስ ነው። ገዢው «ወረቀትና ሃይላንድ ብቻ» ካለ ሁለት መያዣ በቂ ነው። ገዢ የሌለው ነገር መያዣ አያስፈልገውም።

የብስኩትና የችፕስ ላስቲክን ለምሳሌ እንውሰድ። በተለይ ውስጡ እንደ ብር የሚያብለጨልጨው ከተለያየ ዓይነት ስስ ንብርብር የተሠራ ስለሆነ መለያየቱ ከባድ ነው። ገዢ አታገኙለትም። የእሱ መፍትሔ ግቢ ውስጥ አለመግባቱ ነው። ከላውንጁ ባለቤት ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ሳምቡሳው በፌስታል ሳይሆን በሳህን ይሰጥ። ቆሎው በኩባያ ይሰፈር። ፌስታልን በተመለከተ ሕጉ ራሱ ከጎናችሁ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 በጣም ስሱን ፌስታል ከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው አዲሱ አዋጅ ደግሞ ክልከላውን አጥብቆታል።

እዚህ ላይ ለጠቅላላ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ የምትሆን አንዲት ሙከራ ልንገርዎ። ከሃይላንዱ አካል ትንሽ ቁራጭ በመቀስ ይቁረጡ። ከክዳኑም እንዲሁ። ሁለቱንም ውኃ የያዘ ብርጭቆ ውስጥ ይክተቱና በጣት ወደ ታች ይግፏቸው። የጠርሙሱ ቁራጭ ይሰምጣል። የክዳኑ ተመልሶ ይንሳፈፋል። ልጆቹ «ሁሉም ፕላስቲክ አይደለም እንዴ?» ማለታቸው አይቀርም። ነው፤ ግን አንድ ዓይነት አይደለም። ጠርሙሱ ፔት የሚባለው ዓይነት ነው፤ ከውኃ ይከብዳል። ክዳኑ ከሌላ ዓይነት ፕላስቲክ የተሠራ ነው፤ ከውኃ ይቀላል። ፋብሪካዎችም የተፈጨውን ፕላስቲክ የሚለዩት በዚሁ ዘዴ ነው፤ ውኃ ውስጥ ጨምረው የሚሰምጠውንና የሚንሳፈፈውን ለየብቻ ያወጣሉ። መለየት ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚህ በተሻለ የሚያስረዳ ፖስተር አላውቅም።

ወረቀት ላይ ትንሽ ልቆይ። ትምህርት ቤት ውስጥ ከሁሉም ንጹሕና ለመያዝ ቀላሉ እሱ ነውና። አንድ መደበኛ የማባዣ ወረቀት 5 ግራም ይመዝናል። 200 ቅጠል አንድ ኪሎ ነው። በኪሎ መሸጡ ጥሩ ነው፤ ከመሸጡ በፊት ግን ሌላውን ገጽ መጠቀም ይቀድማል። መምህራን ክፍል ውስጥ፣ ማባዣው አጠገብ፣ በአንድ ገጹ ብቻ የታተመ ወረቀት የሚቀመጥበት ካርቶን ይኑር። የልምምድ ጥያቄ በእሱ ጀርባ ይባዛ። ለ8ኛ ክፍል ሚኒስትሪ ዝግጅት የሚባዛው ሞዴል ፈተና ብቻውን ስንት ወረቀት እንደሚበላ እርስዎ ያውቁታል። ፊትና ጀርባ ማተም ፍጆታውን በግማሽ ይቀንሰዋል። ከዚህ የበለጠ ትርፍ ያለው የወረቀት ሥራ የለም፤ መሸጡም አይደርስበትም።

ሁለተኛው ያላለቀ ደብተር ነው። የማንኛውንም ልጅ ደብተር መሃሉን ገልጠው ይዩ። ብዙ ጊዜ ከኋላ ያልተጻፈበት ቅጠል ይቀራል። ሽቦውን ወይም ክሩን አላልታችሁ ባዶዎቹን አውጡ። ሃያ ሃያ ቅጠል አድርጋችሁ ለሁለት እጠፉ። የሲሚንቶ ከረጢት ወረቀት ወይም ካርቶን ሽፋን ይሁን። እጥፋቱ ላይ በወስፌ ሦስት ቦታ ብሱና በወፍራም ክር ስፉት። ክሩ ከመሃለኛው ቀዳዳ ገብቶ፣ በላይኛው ወጥቶ፣ በታችኛው ተመልሶ መሃል ላይ ይታሰራል። የሒሳብ መሥሪያ ደብተር ሆነ ማለት ነው። አንድ የክበብ ክፍለ ጊዜ ውስጥ ልጆቹ ብዙ ይሰፋሉ። ደብተር መግዛት የሚቸገር ቤተሰብ ልጅ ክፍል ውስጥ እንዳለም አይርሱ። ግን ለ«ድሃ ልጆች» ተብሎ አይታደል። ለሁሉም ይታደል።

አሁን ወደ ከባዱ፣ ወደ ምግቡ። የተማሪዎች ምገባ ካለ ትርፍራፊው ብዙ ነው። እዚህም መጀመሪያ መቀነስ ነው። ምግቡን የሚያዘጋጁት እናቶች ሲያቀርቡ አነስ አድርገው ይስጡ፤ የፈለገ ልጅ ይጨመርለት። የተረፈውንና ያልተነካውን እንጀራ ለብቻ መያዝ ያስፈልጋል። በአቅራቢያ ላምና ዶሮ የሚያረባ ሰው ካለ ደስ ብሎት ይወስደዋል። ከዚያ የቀረው ኮምፖስት ይሆናል።

ኮምፖስት በየትምህርት ቤቱ ተጀምሮ የሚቀረው ስለሚሸት ነው። የሚሸተው ደግሞ እርጥቡ ብቻ ስለሚከመር ነው። እንጀራ ተጣብቆ እንደ ሊጥ ይሆናል፤ አየር አያሳልፍም። መፍትሔው ቀላል ነው። በአንድ ባልዲ ትርፍራፊ ላይ ሁለት ባልዲ ደረቅ ቅጠል፣ ጭድ ወይም የተቀደደ ካርቶን ይጨምሩ። ወጡ ይንጠፍጠፍ፤ ጨውና ዘይት አይወደድም። ሥጋና አጥንት አይግባ፤ አይጥ ይጠራል። የባህር ዛፍና የጥድ ቅጠልም ባይገባ ይሻላል፤ ቶሎ አይበሰብስም። የቡና አተላና የሻይ ቅጠል ግን ይግባ። ሁልጊዜ የመጨረሻው ንብርብር ደረቅ ቅጠል ወይም አፈር ይሁን፤ ዝንብ አይቀርብም።

ክምሩ በቁመቱም በጎኑም አንድ አንድ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ከዚያ ካነሰ ሙቀቱን አይዝም። የአዲስ አበባ ሌሊት ቀዝቃዛ ነው፤ ትንሽ ክምር በጠዋት በረዶ ሆኖ ያገኙታል። በደንብ የተሠራ ክምር ውስጡ ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ይደርሳል። ቴርሞሜትር ከሌለ አንድ ፌሮ ብረት መሃሉ ድረስ ይሰኩ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አውጥታችሁ ጫፉን ዳሰስ አድርጉ። ካቃጠለ እየሠራ ነው። እርጥበቱን ለማወቅ ደግሞ በጓንት አንድ እፍኝ ወስዳችሁ ጭመቁ። ጠብታ ጠብ ጠብ ካለ ልኩ ነው። ከፈሰሰ ደረቅ ጨምሩ። ምንም ካልወጣው ውኃ ርጩበት። በሳምንት አንዴ መገልበጥ ነው፤ በሦስት አራት ወር ጥቁርና የአፈር ጠረን ያለው ነገር ታገኛላችሁ። ለቆስጣውና ለሰላጣው መደብ ይሆናል፤ ለአረንጓዴ አሻራ የተተከሉ ችግኞች ግቢ ውስጥ ካሉም ከማንም በላይ እነሱ ይፈልጉታል። ክረምት ሲገባ ከላዩ ቆርቆሮ ወይም ሸራ ጣል ያድርጉበት፤ ዝናብ ካጠበው ፍሬው ይሄዳል።

ወላጅ ወይም መምህር «ምን አለፋን? ረጲ ላይ ቆሻሻው ይቃጠልና መብራት ይሆናል እኮ» ሊል ይችላል። በ2010 ዓ.ም. የተመረቀው የረጲ ማመንጫ በቀን እስከ 1,400 ቶን እንዲቀበል ታስቦ የተሠራ ነው። ግን የከተማችን ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው፤ እርጥብ ነው። እርጥብ ቆሻሻ ሲቃጠል ብዙ ሙቀት የገዛ ውኃውን ለማትነን ይውላል። እናንተ እርጥቡን ግቢ ውስጥ ስታስቀሩ ለእሱም እያገዛችሁት ነው። ከማመንጫው አጠገብ ያለውን ቆሼን ደግሞ እናስታውስ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የቆሻሻው ተራራ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ብዙዎቹ እዚያው ጥግ ላይ የሚኖሩ ነበሩ። የዛሬ ተማሪዎቻችሁ ያኔ ገና ሕፃናት ነበሩ። ይህን ማወቅ አለባቸው ብዬ አምናለሁ። ለማስፈራራት አይደለም፤ «ጣልኩት» ያልነው ነገር ሁሉ የሆነ ሰው ደጃፍ ላይ እንደሚያርፍ እንዲገባቸው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ በግልጽ ልናገር። ግቢ ውስጥ ጉድጓድ ቆፍሮ ማቃጠል ካለ ይቁም። ፕላስቲክ በዝቅተኛ እሳት ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ መርዝ ነው፤ የሚተነፍሱት ደግሞ ልጆች ናቸው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ይሄ ይደረግ።

ስለ ሞዴስ ማንም ስለማያነሳ እኔ ላንሳው። 7ኛና 8ኛ ክፍል ላይ ብዙ ሴት ልጆች የወር አበባ ይጀምራሉ። የሚጥሉበት ከሌለ መጸዳጃው ውስጥ ይከቱታል። ባለውኃ ከሆነ ይደፈናል፤ ጉድጓድ ከሆነ ቶሎ ይሞላል። በእያንዳንዱ የሴቶች መጸዳጃ ክፍል ውስጥ ክዳን ያለው ትንሽ ባልዲ ይቀመጥ። ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ፤ በሩ ተዘግቶ እጅ የሚደርስበት ቦታ። በየቀኑ ሴት የጽዳት ሠራተኛ በጓንት ትሰብስበው። የሚታጠበውን የጨርቅ ሞዴስ የሚያስተዋውቁ አሉ፤ ጥሩ ነው፤ ግን ውኃና የማስጫ ቦታ በሌለበት ቤት ለምትኖር ልጅ መፍትሔ አይሆንም። እሷን መጠየቅ ይቀድማል። እርስዎ ሴት መምህርት መሆንዎ እዚህ ላይ ትልቅ ነገር ነው።

ከቆሻሻው እኩል፣ ምናልባትም በላይ፣ እንዲያተኩሩ የምፈልገው ውኃ ላይ ነው። በፈረቃ የሚመጣ ውኃ ሮቶ ሞልቶ፣ ሌሊቱን በተበላሸ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ያድራል። ልጆቹ ለእያንዳንዱ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ባዶ ሃይላንድ ይደግኑበትና 10 ደቂቃ ይጠብቁ። የተጠራቀመውን በ144 ያባዙ፤ የቀኑን ያገኛሉ። በ10 ደቂቃ ግማሽ ሊትር ከሞላ በቀን 72 ሊትር ነው። በወር 2,160 ሊትር። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ ይሞላል፤ ይተርፋልም። ያውም ከአንድ ቧንቧ! ብዙ ጊዜ የተበላሸው ውስጡ ያለችው ጎሚኒ ብቻ ናት። ይህን ቁጥር ጽፈው ለርዕሰ መምህሩ ሲሰጧቸው ጥገናው በዚያው ሳምንት የሚፈቀድ ይመስለኛል።

የመጸዳጃ ሳጥኖች ደግሞ ድምፅ ሳያሰሙ ያፈሳሉ። ወፈር ያለ ቡና ሳጥኑ ውስጥ ጠብ አድርጉና ሩብ ሰዓት ማንም አይጠቀምበት። ከታች ያለው ውኃ ቀለም ከያዘ ያፈሳል። ግቢውን በሙሉ ለመፈተሽ ማታና ጠዋት ቆጣሪ ማንበብ ይቻላል፤ ግን መጀመሪያ ወደ ሮቶው የሚሞላው መስመር ይዘጋ። አለበለዚያ የሮቶው መሙላት እንደ ፍሳሽ ይቆጠራል።

የዝናብ ውኃም አለ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ አንድ ሊትር ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ታገኛለች። 160 ካሬ ሜትር ጣሪያ ያለው አንድ የመማሪያ ብሎክ፣ አምስት አንዱ ባከነ ብንል እንኳ፣ ከ150,000 ሊትር በላይ ይሰጣል። ቁጥሩ ያጓጓል፤ ግን አብዛኛው የሚዘንበው ትምህርት ቤት ዝግ ሲሆን ነው። ስለዚህ ትልቅ ሮቶ ለመግዛት አይሯሯጡ። አሸንዳውን ጠግኑ፣ አንድ ያለ በርሜል ወይም አሮጌ ሮቶ ከሥሩ አድርጉ፣ መስከረም ላይና በበልግ ዝናብ ለመጸዳጃና ለችግኝ ተጠቀሙበት። ከመጠጥ ውኃው ጋር አይቀላቀል።

ይህ ሁሉ ሲዘጋጅ ነው መያዣዎቹ የሚመለሱት። ያን ጊዜ በየቦታው አይበተኑ። ወረቀት የሚበዛው ክፍል ውስጥ ነው፤ በየክፍሉ አንድ ካርቶን ለወረቀት ብቻ። ሃይላንድ የሚበዛው ላውንጁና ሜዳው ጋ ነው፤ እዚያ አፉ ጠበብ ያለ መያዣ፣ ጠርሙስ ብቻ የሚያስገባ። ጠርሙሱ ተጨፍልቆ ይግባ፤ አየር መሸጥ አይቻልም። ትርፍራፊው ምግብ ቤቱ በር ላይ፣ አንድ ተረኛ ልጅ ቆሞ። ከመክፈታችሁ በፊት የጽዳት ሠራተኞቹን ሰብስቡና ሐሳባቸውን ስሙ። ለየብቻ ማዳበሪያ፣ ለየብቻ የማከማቻ ጥግ፣ ጓንትና ሳሙና ይሰጣቸው። ከሽያጩ ድርሻ ይኑራቸው። እስከ ዛሬ ጠርሙሱን ለቅመው የሚሸጡት እነሱ ከሆኑ ደግሞ በክበቡ ስም ያን ገቢ መንጠቅ ነውር ነው። ከእነሱ ጋር ተስማሙ። የቀረው ገንዘብ በደረሰኝ ገብቶ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረቱ (ወተመህ) ይወቀው፤ ቁጥሩ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ።

ውድድር ማዘጋጀት ካሰባችሁ «ብዙ ሃይላንድ የሰበሰበ ክፍል ያሸንፋል» አይሁን። ልጆች ለማሸነፍ ሲሉ የታሸገ ውኃ ይገዛሉ፤ ከሰፈር ይለቅማሉ፤ ግቢው ውስጥ የሚገባው ፕላስቲክ ይጨምራል። በተቃራኒው አድርጉት። በሳምንቱ ትንሹን ቆሻሻ ያወጣ ክፍል ያሸንፍ። ያኔ ልጆቹ ኮዳ ይዘው መምጣት ይጀምራሉ። ሚዛኑም አለ፤ መመዘኑንም ለምደውታል።

የሰኔውን የመጨረሻ ፈተና ቀን ከአሁኑ ያቅዱለት። ፈተናው ሲያልቅ ደብተር ቀድዶ መንገድ ላይ መበተን የተለመደ ነው፤ የዓመቱ ትልቁ የወረቀት ቆሻሻ በአንድ ከሰዓት ይወጣል። ገዢውን ለዚያ ቀን ቀጥሩት። በር ላይ ሁለት ጠረጴዛ ይቀመጥ። አንዱ ላይ ባዶ ቅጠሎች ይወጣሉ፤ ሌላው ላይ የተጻፈበት ይመዘናል። የክበቡ ልጆች ወስፌና ክር ይዘው ይቀመጡ፤ ባዶ ቅጠል ላመጣ ልጅ እዚያው ሰፍተው ለመስከረም የሚሆን ደብተር ያስረክቡት።